ኑናቩት ለአለት ካርታ ሥራ ተጠርቻለሁ፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ሰላሌዋ (ሚያዝያ 6፣ ማታ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ጠያቂ ሆኜ መጣሁ።

ጂኦሎጂ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያውን ዲግሪ አዲስ አበባ ጨርሼ ሁለተኛውን እዚህ ካናዳ እየሠራሁ ነው። ለዚህ ሰመር ረዳት ሆኜ እንድሄድ ተጠይቄያለሁ። ቦታው ኑናቩት ነው፣ የካናዳ ሰሜን ጫፍ፣ ዛፍ የማይበቅልበት። መንገድ የለም። ስምንት ሳምንት ድንኳን ውስጥ። ሥራው የመሠረት አለት ካርታ ማንሳት ነው።

የኔ የመስክ ልምድ አባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን የወጣ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። እዚያ ድንጋዩ ራሱ ፎቅ በፎቅ ተደርድሮ ይጠብቅሃል፤ ታች አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰሙ፣ ከዚያ ኖራ ድንጋዩ፣ አናቱ ላይ ባዛልት። ማታ ወጥተን ሻይ እንጠጣለን። እዚህ የላኩልኝን ፎቶ ሳይ ግን ግራጫ ድንጋይና ውሃ ብቻ ነው፤ የቱ ከየት እንደሚጀምር አይታወቅም።

ጥያቄዎቼ፦ ድቡ እውነት ነው? ፍልሰታ እዚያ እያለሁ ትገባለች፣ የሚጾም ሰው ምን ይበላል? ኮምፓሴን ከአዲስ አበባ ነው ያመጣሁት፣ ይሠራል? ደግሞ እናቴን ምን ልበላት? «የምሄደው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ ነው» ስላት «በክረምት ሰው መስክ ይወጣል እንዴ?» ብላ ዘጋችኝ።

ታክሲው ኤድመንተን (ሚያዝያ 6፣ ማታ)

ድቡ እውነት ነው።

ሀና ዲሲ (ሚያዝያ 7፣ ጠዋት)

ይቅርታ ከሙያው ውጪ ነኝ፣ ግን ድንጋይ ለማየት ነው ስምንት ሳምንት? ድንጋይ እኮ የትም አይሄድም።

እቴጌ ግራናይት (ሚያዝያ 7፣ ጠዋት)

ሀናዬ፣ ትሄዳለች እንጂ! ጋሽ መዶሻ ይመጡና ያስረዱሻል።

ሰላሌዋ፣ እኔ የሎውናይፍ ነኝ፣ እዚሁ የካናዳ ሰሜን ያለች ከተማ። አምስት ሰመር ካርታ ሠርቻለሁ፣ አሁን የቁፋሮ ናሙና ነው የማነበው። ሌላው የማይነግርሽን ልንገርሽ።

ትንኙ። ድቡን ላታይው ትችያለሽ፣ ትንኝና ጥቁር ዝንብ ግን በየቀኑ ያገኙሻል። ጥቁሯ ዝንብ አትናደፍም፣ ትቆርጣለች። ከጆሮሽ ጀርባና ከካልሲሽ በላይ ነው የምትወደው። ፊት የሚሸፍን መረብ ያለው ጃኬት ግዢ፣ ገንዘብ አትሰስቺ። የሚቀባው መድኃኒት ይሠራል፣ ግን ፕላስቲክ ያቀልጣል። እኔ የመጀመሪያ ሳምንት እጄን ተቀብቼ እስክሪብቶ ያዝኩ፤ ማታ ላይ የእስክሪብቶው ቆዳ ጣቴ ላይ ቀርቷል፣ ቀለሙ ካርታዬን አበላሽቷል። በእርሳስ ጻፊ። የኮምፓሱን መስታወት ከመንካትሽ በፊት መዳፍሽን ሱሪሽ ላይ ጥረጊ።

ለመጸዳዳት ስትወጪ ነፋስ የሚመታው ጉብታ ምረጪ። ለምን እንደሆነ አንዴ ረግረጉ ዳር ስትሞክሪው ይገባሻል።

ድንኳን ከማን ጋር እንደምትጋሪ ሳትፈርሚ በፊት ጠይቂ። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም። አንድ ሰመር ላይ ይህን ሳልጠይቅ ሄጄ የጣቢያው ኃላፊ «ቦታ የለም፣ ተቻቻሉ» ብሎኝ ያውቃል። ዕቃ ማስቀመጫው ድንኳን ውስጥ ተኛሁ። በሳተላይት መልእክት የምትልኪበት መሣሪያም ለራስሽ ይኑርሽ፤ የቡድኑ ብቻ አይበቃም።

ክፍያው ደህና ነው። ማጥፊያ ቦታ ስለሌለ ደግሞ ይጠራቀማል።

ጋሽ መዶሻ (ሚያዝያ 8፣ ማታ)

ሰላሌዋ ልጄ፣ አሥራ አንድ ሰመር ሠርቻለሁ። ሰባቱን ከየሎውናይፍ ወደ ሰሜን፣ የቀሩትን ኑናቩት። አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ቢሮ ገብቻለሁ። ልመልስልሽ፣ በጠየቅሽው ተራ ግን አይደለም።

መጀመሪያ ኮምፓሱ። አዲስ አበባ ለምድር ማግኔት ወገብ ቅርብ ናት። ስለዚህ መርፌዋ እዚያ ተጋድማ ነው የምትዞረው። እዚህ ሰሜን ግን ማግኔቱ ወደ መሬት ውስጥ ነው የሚስባት። የሎውናይፍ አካባቢ ከ80 ዲግሪ በላይ ታዘቀዝቃለች። እኔም ኮምፓሴን ከአገር ነበር ያመጣሁት። የመጀመሪያ ቀን አለት ላይ አስቀምጬ ሳየው መርፌዋ አፍንጫዋን ደፍታ ወለሉን ትፍቃለች፣ አትዞርም። ነካ ሳደርጋት ትንቀሳቀስና ባሰኛት ቦታ ትቆማለች። ያነበብኩት አቅጣጫ ሁሉ ውሸት ነበር።

ማታ አለቃዬ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ ዘረጋ። በሰዓት ሠሪ መፍቻ የኮምፓሱን መስታወት አወጣ። መርፌዋ ላይ የተጠመጠመች ፀጉር የምታህል የመዳብ ሽቦ አለች፤ ሚዛን ናት። በጥርስ መጎርጎሪያ ገፋ ገፋ አድርጎ ወደ ደቡቡ ጫፍ አዛወራት። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ፎጣው ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ ሽቦዋ ስትወድቅ ነው። አንቺ ከመሄድሽ በፊት ቤትሽ ውስጥ አድርጊው። የአካባቢውን የማግኔት ልዩነት፣ መርፌዋ የምታሳየው ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን የሚርቅበትን ማለቴ ነው፣ ማስተካከልም አትርሺ፤ እንደ አገር ቤት ሁለት ሦስት ዲግሪ ነው ብለሽ የምታልፊው አይደለም። ወደ ሰሜን በገፋሽ ቁጥር ደግሞ መርፌዋ እየሰነፈች ትሄዳለች። ጄምስ ክላርክ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1831 የማግኔቱን ሰሜን ዋልታ ያገኘው ዛሬ ኑናቩት በምንለው ምድር፣ ቡቲያ ልሳነ ምድር ላይ ነበር። ዋልታው ከዚያ ወዲህ ወደ ሳይቤሪያ አቅጣጫ ሸሽቷል፣ ስንፍናው ግን አልለቀቀንም።

ሁለተኛ፣ ሀና የጠየቀችው። ድንጋይ የትም አይሄድም ላልሽው፦ እዚህ ሄዷል። ይህን አገር በሙሉ በረዶ ተጭኖት ነበር፣ ኪሎ ሜትሮች የሚወፍር። ሲንሸራተት አለቱን ቦርቡሮ፣ ፈልጦ፣ ተሸክሞ ወስዶ ሌላ ቦታ ጥሎታል። ዛሬ ሜዳው ላይ ቤት የሚያክል ድንጋይ ብቻውን ተቀምጦ ታያለሽ፤ እዚያ አልተወለደም። እኔ እንግዳ ድንጋይ ነው የምለው። የጀማሪ ትልቁ ስህተት እንግዳውን የቤቱ ባለቤት አድርጎ ካርታ ላይ ማስፈር ነው። ትንሹን በእግርሽ ግፊው፤ ከተነቃነቀ እንግዳ ነው። ትልቁን መግፋት አትችይም። የድንጋዩን ንጣፍ አቅጣጫ ለኪና ሃያ እርምጃ ሄደሽ ሌላ ያገጠጠ አለት ላይ ድገሚው። ሁለቱ ካልተስማሙ ተጠራጠሪ።

ያገጠጠውም ቢሆን ፊቱን አያሳይሽም። ሽበት ለብሷል፤ የዛፍ ሽበት የምንለው ዓይነት፣ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው። ጥቁር፣ ብርቱካን፣ አረንጓዴ። ከሩቅ ሁሉም ድንጋይ አንድ ነው። መዶሻሽን ይዘሽ ጥግ ትፈልጊያለሽ፣ አንዴ ትመቺና አዲሱን ስብራት በሌንስ ታያለሽ። በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ። ማታ ክንድሽ ማንኪያ አያነሳም።

ሦስተኛውን ነገር አልጠየቅሽኝም፣ ግን ለዚህ ብዬ ነው የጻፍኩት። ካርታ ላይ ሁለት ዓይነት ድንጋይ የሚገናኙበትን ድንበር ስትስይ፣ ቆመሽበት ያየሽውን በሙሉ መስመር ትስይያለሽ። የገመትሽውን በተቆራረጠ መስመር። ትምህርት ቤት ይህን ተምረሻል፣ እኔም ተምሬ ነበር። ሦስተኛው ሰመሬ ላይ ነው። ረግረግ ነው፣ ወርዱ ሦስት ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚህ ዳር ሮዝ ግራናይት አየሁ፣ በዚያ ዳር ያንኑ ሮዝ ግራናይት አየሁ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ሄሊኮፕተሩ 11 ሰዓት ላይ ነው የሚያነሳን። መሀሉን አልተሻገርኩም። ማታ ድንኳን ውስጥ እርሳሴን አንስቼ አንድ ወጥ ግራናይት አደረግኩት፣ ድንበሩንም ዙሪያውን በሙሉ መስመር ሳልኩት። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ቡድን መሀሉን ሄደበት። ረግረጉ ውስጥ ካሉ ሁለት ትናንሽ ጉብታዎች ላይ የእሳተ ገሞራ አለት አገኙ፤ አረንጓዴ፣ የተጨመቀ፣ ወርቅ ፈላጊዎች የሚወዱት ዓይነት። ግራናይቱ ሁለት ነበር። በመሀል ደግሞ አንድ ሽማግሌ ወርቅ ፈላጊ የኔን ካርታ አምኖ ያንን ቦታ አልፎት፣ ሌላ ጋ ሰመሩን ሙሉ ሲለፋ ከርሟል። ሰውየውን አንድ ስብሰባ ላይ አገኘሁት። አልተቆጣም። ካርታውን አጥፎ ከኪሱ አወጣና መስመሩን በጣቱ እያሳየኝ «እዚህ ጋ ቆመህ ነበር?» አለኝ። ይኸው ነው።

ድቡን ታክሲው ጨርሶታል። ሽሮ ያዢ። የቀረውን ነገ።

ኮድ ጻፊው (ሚያዝያ 9፣ ጠዋት)

ጋሼ በጣም ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሳተላይት አለ፣ ድሮን አለ፣ አሁን ደግሞ ኤአይ መጥቷል። ሰው በትንኝ እየተበላ በመዶሻ መምታት ያለበት ለምንድን ነው? ሄሊኮፕተር በሰዓት ስንት እንደሚከፈልበት ደግሞ አስቡት።

እቴጌ ግራናይት (ሚያዝያ 9፣ ጠዋት)

ሳተላይቱ የሚያየው ሽበቱን ነው ወንድሜ። ከአውሮፕላን የሚለካ የማግኔት ካርታ አለን፣ እሱ በእውነት ያግዛል፤ ከረግረግና ከሐይቅ ሥር ያለውን ሁሉ ያሳያል። ግን የሚነግርህ «እዚህ አንድ ነገር ይቀየራል» ብቻ ነው። ምን ወደ ምን እንደተቀየረ ሄደህ መስበር አለብህ። ዕድሜውን ለማወቅ ደግሞ ድንጋዩን ተሸክመህ መምጣት አለብህ። ኤአዩ የሚማረው እኛ ከሰበርነው ነው።

ጋሽ መዶሻ (ሚያዝያ 9፣ ማታ)

ኮድ ጻፊው ልጄ፣ ሄሊኮፕተሩ ውድ ነው፣ አዎ። ያለሱ የነበረውን ግን ስማ። የካናዳ ጂኦሎጂ ሰርቬይ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1842 ነው፤ አገሪቱ ራሷ እንደ አገር የቆመችው በ1867። ካርታ ሠሪው አገሩን ቀድሟል ማለት ነው። የሰርቬዩ ሰው ጆሴፍ ቲሬል በ1893 ከወንድሙ ጋር ይህን ዛፍ አልባ ምድር በታንኳ አቋርጦ ሃድሰን ቤይ ሲደርስ በረሃብ ሊያልቁ ነበር። ታንኳውን ይቀዝፉላቸው ከነበሩት ብዙዎቹ ተወላጆች ናቸው። የቲሬል ስም ይነሳል፣ የነሱ ግን እምብዛም። ሰርቬዩ ሄሊኮፕተር ይዞ ለካርታ የወጣው በ1952 ነው፣ ኪዋቲን በሚሉት አካባቢ። በታንኳ ዕድሜ ይፈጅ የነበረው በአንድ ሰመር አለቀ።

ዛሬም ሥራው በእግር ነው። ሄሊኮፕተሩ ጠዋት ሁለት ሁለት አድርጎ ይጥላችኋል፣ ማታ አሥራ ሁለት አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ርቃችሁ ያነሳችኋል። መሀሉ የእናንተ ነው።

ሰላሌዋ፣ የሚያስፈራኝ ድቡ ሳይሆን ያ ሄሊኮፕተር ነው። ጎንበስ ብለሽ ከፊቱ ብቻ ቅረቢው፣ አብራሪው ዓይንሽን እያየ። ተዳፋት ላይ ከላይ በኩል በፍጹም እንዳትመጪ። ወንዝ ደግሞ ጉልበትሽን ካለፈ ዙሪው። ድብን በሚመለከት በ11 ሰመር በቅርብ ያየሁት ሦስት ነው። ሁለቱ ሸሹ። አንዱ ቁጭ ብሎ ምሳችንን ስንበላ አየን፣ እኛም አየነው፣ ምሳው ግን አልጣመንም። ጣቢያው በኤሌክትሪክ አጥር ይታጠራል፣ ጠመንጃ የሚይዝ ሰው ይኖራል፣ ሥልጠና ይሰጥሻል። ምግብ ድንኳንሽ ውስጥ አታስገቢ። ከረሜላም፣ የጥርስ ሳሙናም።

ታክሲው ኤድመንተን (ሚያዝያ 9፣ ማታ)

እንዳልኩት።

ሀና ዲሲ (ሚያዝያ 10፣ ጠዋት)

ጋሽ መዶሻ አሁን ገባኝ፣ ይቅርታ ድንጋዮች። 😅 ግን ይሄ ሁሉ ድካም ምን ስላለው ነው? ወርቅ?

ጋሽ መዶሻ (ሚያዝያ 10፣ ከሰዓት)

ወርቅም አለ፣ አልማዝም አለ። አልማዙ ራሱ በረዶው የተሸከመውን ወደ ኋላ ተከትሎ ነው የተገኘው። ቸክ ፊፕኬና ስቱዋርት ብሉሰን የሚባሉ ሁለት ጂኦሎጂስቶች አሸዋ እያጠቡ ትንንሽ ቀይ ጋርኔትና አረንጓዴ ዳዮፕሳይድ ለቀሙ፤ አልማዝ ካለበት አለት ጋር አብረው የሚወጡ ማዕድናት ናቸው። በረዶው ከየት ወደ የት እንደሄደ አለቱ ላይ ጭረት አለ። ጭረቱን ወደ ኋላ ተከተሉ፣ አሥር ዓመት ገደማ። ማዕድናቱ ድንገት የሚጠፉበት ቦታ ሲደርሱ ምንጩ እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ላክ ደ ግራ የሚባል ሐይቅ አካባቢ አገኙት፣ ኢካቲ የሚባለው ማዕድን በ1998 ሥራ ጀመረ።

ግን እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ሌላ ነው። ከየሎውናይፍ ወደ ሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አካስታ የሚባል ናይስ አለ፤ ናይስ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ አለት ነው። ውስጡ ያለውን ዚርኮን የሚባል ማዕድን ሳም ቦውሪንግና ባልደረቦቹ ለክተው 4.03 ቢሊዮን ዓመት አሉት። መሬት ራሷ 4.5 ብትሆን ነው። አየሽ፣ የኛ የሰሜን ኢትዮጵያ የታችኛው አለት፣ በጣም ጥንታዊ የምንለው፣ አንድ ቢሊዮን አይሞላም። ባዛልታችን ደግሞ 30 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ ሕፃን።

ዲሲ ነሽ አይደል? በ2003 አራት ቶን የሚመዝን የአካስታ ቋጥኝ ወደ ዋሽንግተን ሄዷል። የአሜሪካ ተወላጆች ሙዚየም ደጅ ነው ያለው፣ ካፒቶል አጠገብ። ውጭ ስለሆነ መግቢያ አትጠየቂም። ሂጂና ንኪው።

የመቀሌው ልጅ (ሚያዝያ 11፣ ማታ)

ጋሼ ክብር ይስጥልኝ፣ ግን አገራችንን ሕፃን አያድርጉብን። 😄 በረዶ እኛም ጋ ነበር። ዓድዋ አካባቢ ዕዳጋ ዓርቢ የሚባለውን አለት ያውቁታል። ጭቃ የነበረ ድንጋይ ውስጥ ከየአገሩ የተሰበሰበ ቋጥኝ ተቀርቅሮ ይታያል፣ አንዳንዱ ፊቱ ላይ ጭረት አለው። ያ የበረዶ ሥራ ነው። ኢትዮጵያ ጎንድዋና ከሚባለው ጥንታዊ አህጉር ጋር ወደ ደቡብ ዋልታ ተጠግታ በነበረበት ዘመን።

ተማሪዎችን እዚያ ስወስድ አንዱ ሁልጊዜ ይስቃል፤ በዚያ ሙቀት ላይ ቆሞ በረዶ ሲባል። በጦርነቱ ዓመታት መስክ አልወጣንም፣ ስንመለስ መጀመሪያ የሄድኩት እዚያ ነው። ቋጥኞቹ እንዳሉ ናቸው።

ሰላሌዋ፣ ሂጂ። እኛ ደንግዶ ድንጋይ ሆኖ የምናነበውን አንቺ ትኩሱን ታያለሽ። ጭረቱን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፣ ለማስተማሪያ።

ኪሩና ዘጠኝ (ሚያዝያ 12፣ ጠዋት)

ከስዊድን ሰሜን ሰላም። እኛ ጋ ሥራው ቀለል ይላል፣ መንገድ አለ፣ ጎጆ አለ፣ ማታ ሳውና አለ። አለቱ ግን ያው ሽበታም ነው። ኪሩና ደግሞ ከተማዋ ራሷ እየተዛወረች ነው፣ የብረት ማዕድኑ ከሥሯ እየቦረቦራት። ጂኦሎጂስት ጥሩ ነገር ሲያገኝ ጎረቤት ቤት ይለቃል ብለን እንቀልዳለን። አጋዘን አርቢዎቹ ሳሚዎች ግን በዚህ ቀልድ አይስቁም።

ነጻ ሐሳብ (ሚያዝያ 12፣ ከሰዓት)

እኔም ይህንን ልል ነበር። ሁላችሁም እንደ ጀብዱ ታወሩታላችሁ። ካርታውን ሠርታችሁ ስትጨርሱ ማን ነው የሚመጣው? ኩባንያ። መሬቱ የማን ነው? የተወላጆቹ፣ የኢኑይት። ታዲያ እናንተ መንገድ ጠራጊ አይደላችሁም?

እቴጌ ግራናይት (ሚያዝያ 12፣ ማታ)

የሎውናይፍ የምኖር ሰው ይህን ጥያቄ አልሸሽም። ከከተማው ዳር ጃያንት የሚባል የተዘጋ የወርቅ ማዕድን አለ። ከመሬት በታች 237,000 ቶን አርሴኒክ ትራይኦክሳይድ አቧራ ተቀምጧል። መርዝ ነው። በመጀመሪያ የተጎዱት ደግሞ በረዶ አቅልጠው ይጠጡ የነበሩት የአካባቢው ተወላጆች፣ የዴኔ ሕዝቦች ናቸው። አቧራው ካለበት እንዳይንቀሳቀስ ዙሪያውን አቀዝቅዞ ማቆየት ነው የተያዘው ሥራ።

ስለዚህ አዎ፣ ካርታ ንጹሕ ወረቀት አይደለም። ግን ያው ካርታ መንደሩ «እዚህ ጋ አትቆፍሩ» ብሎ ሲከራከር የሚይዘውም ነው። ኑናቩት እ.ኤ.አ. በ1999 የራሱ ግዛት ሆኗል፤ ያለ ፈቃድ ድንኳን አትተክልም። ወደ መስክ ከመሄዳችን በፊት መንደሩ ድረስ ሄደን የት እንደምናርፍ፣ ካሪቡ (የዱር አጋዘኑ) መቼ እንደሚያልፍ እንጠይቃለን። «ያ ሐይቅ ይቅር» ካሉ ይቀራል። አንዳንድ ቡድን ይህን ለፎርማሊቲ ያደርገዋል፣ አይቻለሁ። ሰላሌዋ፣ የቡድንሽ ሰዎች የትኞቹ እንደሆኑ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ታውቂያለሽ። ለፎርማሊቲ የሚያደርጉት ሻይ ሳይጠጡ የሚወጡት ናቸው።

አንድ ደግሞ። ክብ ሆነው የተደረደሩ ድንጋዮች ካየሽ አትንኪ። የድሮ ድንኳን መያዣ ናቸው። ጂኦሎጂስት ድንጋይ ሲያይ እጁ ይበላዋል፣ ያዢው።

ነጻ ሐሳብ (ሚያዝያ 12፣ ማታ)

አልተስማማሁም፣ ግን ስላልሸሸሽ አመሰግናለሁ።

ሰላሌዋ (ሚያዝያ 13፣ ማታ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ትናንት ኮምፓሱን ከፈትኩት። ፎጣ ዘርግቼ! ሽቦዋ ወደቀች፣ ፎጣው ላይ። አሁን ከእናቴ ጋር ምን ላድርግ? ጾሙንስ?

ጋሽ መዶሻ (ሚያዝያ 13፣ ማታ)

ጾሙ ቀላል ነው። ሽሮና በሶ። ሁለቱም ደረቅ፣ ሁለቱም ቀላል፤ ሄሊኮፕተር ላይ ዕቃሽ በኪሎ ነው የሚለካው። በሶውን በወንዝ ውሃ በጥብጠሽ ትውያለሽ፣ ሌሎቹ በቸኮሌት ነው የሚውሉት፣ ከሰዓት ይዝላሉ። ሐይቁ ዓሣ ሞልቶታል፤ በፍልሰታ ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ አንክፈተው፣ አወያዮቹ ይዘጉብናል። ለወጥ ሠሪው ግን አስቀድመሽ ንገሪው፣ ወጥ ሠሪ የተቀየመበት ሰው ስምንት ሳምንት ይረዝምበታል።

ለእናትሽ እውነቱን ንገሪያት። በሳምንት አንዴ በሳተላይት ስልክ እደውላለሁ በያት፣ ሰዓቱን ወስኚ፣ ከወሰንሽ አታሳልፊ። ጭጋግ ሄሊኮፕተሩን ሦስት ቀን ሊያስቀምጠው ይችላል፣ ያኔ ካርታ ሳይሆን ካርታ ትጫወታላችሁ። ስልኩ ግን ይሠራል።

የመጨረሻ። እያንዳንዱን ናሙና ከመሬት ሳይነሳ ቁጥር ጻፊበት፣ ከረጢቱም ላይ፣ ደብተሩም ላይ። ቁጥር የሌለው ናሙና ጠጠር ነው።

ሰላሌዋ (ጳጉሜ 3፣ ጠዋት)

ተመለስኩ! ክሩን ስከፍት ማንም አልጻፈበትም፣ እኔው ላንቃው።

ድብ አላየሁም። (ታክሲው፣ ይቅርታ።) ዱካውን ግን አይቻለሁ፣ የራት ሰሃን ያክላል፣ ጭቃው ገና ውሃ አልቋጠረም ነበር። ያን ቀን ዘፈን እየዘፈንኩ ነው የዋልኩት፣ ያውም ድምፄ ለማንም አይመከርም። በሶዬን በሁለተኛው ሳምንት ግማሹን አብራሪው በላብኝ። ወዶት ነው። ስሙን «አቧራው ሾርባ» አለው።

ሌሊት የለም። ያ ነው የከበደኝ። ስድስት ሰዓት ሌሊት ላይ ተነስቼ ሰዓቴን ሳላይ ቁርስ ልሠራ ሄጃለሁ። የሰርክ ጸሎት ስፈልግ ፀሐዩ አናቴ ላይ።

ጋሼ፣ እርስዎ የነገሩኝ ረግረግ እኔም ጋ መጣ። ያው አይደለም፣ ግን ያው ነው። በዚህ ዳር ናይስ፣ በዚያ ዳር ናይስ፣ መሀል አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ቡናማ ውሃና ሣር። የቡድን አጋሬ «ግልጽ ነው፣ አንድ ነው» አለ። ገባሁበት። እስከ ጭኔ። ጫማዬ አንድ ጊዜ ወጥቶ ቀርቶ በእጄ ቆፍሬ አወጣሁት። መሀሉ ላይ አንድ ጠረጴዛ የምታክል አለት ብቻ አገኘሁ። ሽበቷን ፍቄ ሰበርኳት። ናይስ ናት። ያው ናይስ። አጋሬ ዳር ቆሞ ሳቀ።

ግን ከእሷ ወዲያ ያለውን ግማሽ አላየሁትም። ማታ ካርታው ላይ እስከ እሷ ድረስ ሙሉ መስመር አደረግኩ፣ ከእሷ ወዲያ ቆራረጥኩት። የቡድን መሪያችን አየችው፣ ምንም አላለችም፣ ቀለም አስመታችው።

የመቀሌው፣ ጭረቱን በኢሜይል ልኬልሃለሁ። ሚዛን እንዲሆን እርሳስ አጠገቡ አስቀምጫለሁ።

ሀና ዲሲ (ጳጉሜ 3፣ ከሰዓት)

እንኳን በሰላም መጣሽ! እኔም ሪፖርት አለኝ። ሐምሌ ላይ ልጄን ይዤ ያን ቋጥኝ ሄጄ ነካሁት። ግራጫ ነው፣ ነጭ ነጭ መስመር አለው። አራት ቢሊዮን ዓመት ነው ስለው ልጄ «ከአያቴ ይበልጣል?» አለኝ። ትንሽ ይበልጣል አልኩት። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ተደግፎት ስልኩን ያያል። ልነግራቸው ፈልጌ ተውኩት።

የመቀሌው ልጅ (ጳጉሜ 3፣ ማታ)

ደርሶኛል ሰላሌዋ። አቅጣጫውን ግን አልጻፍሽም። በረዶው ወዴት ነበር የሚሄደው?

ሰላሌዋ (ጳጉሜ 3፣ ማታ)

ደብተሬ ላይ አለ፣ ነገ እልካለሁ። በተስተካከለው ኮምፓስ ነው የተለካው!

አንድ ቁራጭ ለእናቴ ይዤላት ነበር፣ ፈቃድ ጠይቄ ነው። በቪዲዮ አሳየኋት። አገላብጬ ሳሳያት ዝም ብላ አየችና «ለዚህ ነው?» አለች።

ጋሽ መዶሻ (ጳጉሜ 4፣ ጠዋት)

ቁጥር ጻፍሽበት?

ሰላሌዋ (ጳጉሜ 4፣ ጠዋት)

ጽፌበታለሁ ጋሼ።